ረቡዕና ዓርብ የሚቆም ስክሪን

ሆላንድ፣ ራይስዋይክ በምትባል ከተማ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የቡድናችን መሪ ሄንክ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ የታተመ የፕሮግራም ኮድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈና «አንብብ» አለኝ። ኮምፒውተሩ የት እንዳለ ጠየቅሁት። «ተራህ ሐሙስ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር ሲፈጥረኝ አልተሰጠኝም። እስከ ሐሙስ ሦስት እርሳስ ቀርጬ ጨረስኩ።

የምንሠራው ሪሌሽናል ዳታቤዝ ነበር፤ መረጃን በሠንጠረዥ እያስቀመጠ ለብዙ ሰው ባንዴ የሚያቀርብ ፕሮግራም። ሁለት ሰዎች አንድን መዝገብ እኩል ነክተው እንዳያበላሹት፣ አንዱ ለማረም ሲከፍተው ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ይቆልፍለታል። ሌላው ይጠብቃል። የእኛው ሲቆልፍ ደግሞ ባንድ ገጽ አብረው ያሉትን መዝገቦች ጭምር ነው። ማን ስንት ጊዜ እንደጠበቀ የትም አይጻፍም ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሮተርዳም ያለ አንድ የመጋዘን ድርጅት ስክሪን ይቆምብናል ብሎ ስሞታ አቀረበ። የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ቪም በስልክ ጮኸብን። «ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው የሚቆመው! ቀን ለይቶ የሚያኮርፍ ዕቃ ነው እንዴ የሸጣችሁልኝ?» ሄንክ መቆለፊያውን ጠርጥሮ፣ ፕሮግራሙ ላይ የመቆለፊያ ስታቲስቲክስ የመጨመሩን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ።

ቦታውን ለማየት ሄድኩ። ከስምንቱ ጸሐፊዎች አንዷ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ከዴን ሃግ ከተማ፣ ላክ ከሚባል ሰፈር በባቡር የሚመላለሱ።

«አንተ ልጅ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። «እንኳን መጣህ። ሲቆም የምደውለው እኔ ስለሆንኩ እኔ ያቆምኩት ይመስላቸዋል። በወሩ መጨረሻ ፋስት ኮንትራክት እፈርማለሁ።» ቋሚ ቅጥር ማለታቸው ነው። «እሱን ካገኘሁ ልጄን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።»

«አይዞዎት፣ ማሽኑ ራሱ ይናገራል» አልኳቸው። ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

አንድ ሰው የተቆለፈ ገጽ በጠየቀ ቁጥር ስሙን የሚጽፍና የሚደምር ቆጣሪ ሠራሁ። ሄንክ አየውና «ቆልፎ የያዘውንስ?» አለኝ። የያዘውን ለመጻፍ የመቆለፊያ ሠንጠረዡን ቅርጽ መለወጥ፣ ከዚያም ሁሉንም እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። «በኋላ እጨምረዋለሁ» አልኩት። ሪፖርቱ ወጣ፤ እትዬ አስካለ አንደኛ፣ ሁለተኛው ከሳቸው በጣም ርቆ። ደነገጥኩ፤ ግን ላክሁት። ሥራው ከጠረጴዛዬ እንዲነሳልኝ ቸኩዬ ነበር።

ቪም ደስ ብሎት ደወለ። «ጥፋተኛዋን አገኘህልኝ። ቋሚ ቅጥሯ ይቅር ብዬ ለዋናው ቢሮ ጽፌያለሁ።»

«እሳቸው የጠበቁ ናቸው እንጂ ያስጠበቁ አይደሉም!»

«ታዲያ ማን ነው ያስጠበቃት?»

የእኔ ቆጣሪ ያንን አይጽፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንበር አልያዘኝም። በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ከምኖርበት ከኦስዶርፕ ሰፈር በማለዳ ተነስቼ፣ ባቡሩ ውስጥ እንኳ መቀመጥ አቅቶኝ፣ በር ላይ ቆሜ ሮተርዳም ገባሁ። ረፋድ ላይ የቡና ሰዓት ደወል ተደወለ። ሆላንዶች ለዚህ ደወል ያላቸውን አክብሮት የኖረበት ያውቀዋል። ሰባቱ ጸሐፊዎችና ቪም የያዙትን ሁሉ እንደያዙ ትተው ወደ ካንቲን ሄዱ። እትዬ አስካለ ብቻቸውን ቀሩ፤ ሁለት መዝገብ እንኳ ሳይጨርሱ ስክሪናቸው ድርቅ አለ።

«እርስዎ ለምን አልሄዱም?»

«ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ቁጭ ብዬ አፋቸውን ከማይ ሥራዬን እሠራለሁ። በሌላው ቀን አብሬያቸው እወጣለሁ።»

በየጠረጴዛው እየዞርኩ አየሁ። ሁሉም ስክሪን ላይ ለማረም የተከፈተ መዝገብ አለ። ሁሉም ቆልፎ ነው የሄደው። በየቀኑ እንዲህ ነው፤ በሌላው ቀን ግን ቁልፉ ፊት የሚቆም ሰው የለም። ረቡዕና ዓርብ ምን ቀን እንደሆነ እኔ የጾመኛ እናት ልጅ መጠየቅ አልነበረብኝም። ሆላንድ ስገባ ጾሙን ትቼ ቀኑንም አብሬ ረስቼው ነበር። አፈርኩ።

ያን «በኋላ» ያልኩትን ሥራ በአሥር ቀን ጨረስኩት፤ ማን እንደያዘ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ማንን እንዳስጠበቀ። አዲሱን ሪፖርት በእጄ ይዤ ሄድኩ። ከሁሉ በላይ ያስጠበቀው ራሱ ቪም ነበር፤ መጀመሪያ የሚወጣ፣ መጨረሻ የሚመለስ። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሞቹን ማውጣት አይቻልም?» አለኝ።

«የፊተኛው ሪፖርትም ስም ነበረበት» አልኩት።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በዚያው ቀን ማንም መዝገቡን ሳይዘጋ እንዳይነሳ አዘዘ፤ ስክሪኑም መቆሙን አቆመ። ለዋናው ቢሮም እንደገና ጻፈ። ቢሮው ግን ቋሚ ቅጥሩን አንዴ ዘግቶት ስለነበር ለእትዬ አስካለ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ብቻ ሰጣቸው።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «እነሱ ከቡና ሲመለሱ ስክሪኑ እንደሚለቅ እኮ አውቅ ነበር» አሉኝ። «ማሽኑን ጠየቅህ፤ እኔን ግን አልጠየቅኸኝም።»

ልጃቸው የመጣችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ያን ዓመት ያስጠበቃቸው ቪም አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ይህን ሥራ ለምትሠሩ፦ የጠበቀውን ስትቆጥሩ ያስጠበቀውንም አብራችሁ ቁጠሩ። ሁለቱ ካልተሟሉ ሪፖርቱን አትላኩ። የሰው ስም ካለበት ደግሞ አስቀድማችሁ ሰውየውን ጠይቁ።