የረቡዕና የዓርብ ቤተሰብ

ትናንት ሲሬ ገበያ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ፣ ሾፌሩ ከሥሩ ተኝቶ ግራሶ ሲቀባ፣ ሽታው እስከማስተምርበት ክፍል መስኮት ድረስ መጣና ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ማባዛት አቋረጥኩ። ተማሪዎቼ የረሳሁ መስሏቸው መልሱን ጮኸው ነገሩኝ። አልረሳሁም። ሐሳቤ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ወደ አሰላ ሄዶብኝ ነው።

እዚያ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሾፌርነት የተዉ ሰው፣ ከገበያው በላይ ባለው ሜዳ የአሮጌ መኪና የጎማ ዘንግ፣ አክስል የሚባለውን፣ ቀጥ አድርገው ተከሉና፣ በላዩ የእንጨት ፈረሶች የተንጠለጠሉበት ትልቅ መንኮራኩር ገጠሙበት። ሁለት ጎረምሶች እየገፉ ያዞሩታል፤ ግራሶው ሲደርቅ ጩኸቱ ጭላሎ ተራራ ላይ የሚሰማ ይመስል ነበር። አርሲ የፈረስ አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። አንድ የገጠር ሽማግሌ ከእውነተኛው ፈረሳቸው ወርደው ነገሩን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «ይሄ ፈረስ የት ያደርሳል?» አሉ።

«የትም» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ታዲያ ምኑ ይከፈልበታል?»

«ገብስ አይበላማ!»

ለመስቀል ጋሽ ተሰማ የዓመት ካርድ አወጡ። አንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ከከፈለ፣ ልጆቹ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እንዳሻቸው ይጋልባሉ። ለአባቴ ነገርኳቸው። አባቴ ከሸዋ ተመድበው የመጡ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መነጽራቸውን አውልቀው በደንብ አሰቡበት።

«ስሚ ልጄ፤ የዓመት ካርድ የሚያዋጣው ልጅ ለበዛበት ቤት ነው። ክረምቱን ሜዳው ጭቃ ነው፤ የአሰላን ክረምት ታውቂዋለሽ። ዝውውር ቢመጣብኝስ? ደግሞ አንቺ ብቻሽን ነሽ።»

ሁሉም ልክ ነበር። የመጨረሻው ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። አልፎ አልፎ ሳንቲም ይሰጡኛል፤ ሳንቲም ያለው ልጅ ግን ትንሽ ዞሮ ይወርዳል፣ ካርድ ያላቸው ወንድማማቾች እየተሳሳቁ መዞራቸውን ይቀጥላሉ። እኔ የፈለግሁት ፈረሱን አልነበረም፤ ሳልወርድ ከነሱ ጋር መቆየትን ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ስድስት ስለሆኑ ካርዱን ሳያመነቱ ገዙ። አንድ ቀን እጄን ይዘው ወደ ሜዳው ወሰዱኝና፣ «ይህችንም ከልጆቼ ጋር ቁጠሩልኝ» አሉ።

ጋሽ ተሰማ አገጫቸውን አከኩ። «እትዬ፣ ቤተሰብ ማለት ከአንድ ትሪ የሚበላ ነው። ይህች የጸሐፊው ልጅ ከእናንተ ትሪ ትበላለች?»

እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ እስላም፤ በአገራችን ልማድ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይቀምስም። ቤታቸው ሥጋ በተሠራ ቁጥር እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይህን ጊዜ ትልቁ ልጃቸው ከድር ከፈረሱ ላይ ሆኖ፣ «በጾም ቀን ሽሮ ከኛ ጋር ትበላለች! ያውም ከሁላችን ቀድማ!» ብሎ ጮኸ።

ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ተሰማ ግን እንደ ዳኛ ኮስተር ብለው ፈረዱ፦ «እንግዲያው ረቡዕና ዓርብ ቤተሰብ ናት። በሌላው ቀን ትከፍላለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እኔ ጾም የሚወድ ልጅ አሰላ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ዘይነባ ለኔ ብለው ሽሮውን በዘይት ይሠራሉ፤ ስድስቱ ልጆች ቅቤው ቀረብን ብለው እያጉረመረሙ ይበላሉ፤ ከዚያ ተያይዘን ወደ ሜዳው እንሮጣለን። ሁዳዴ ሲገባማ በየቀኑ ቤተሰብ ሆንኩ። ከድር «እህታችን» እያለ ከፊቱ ያስቀምጠኝ ነበር። አባቴ ጸሎተኛ ልጅ የወለዱ መስሏቸው ለንስሐ አባታችን ሲያወሩ ሰምቼ አንገቴን ደፍቻለሁ።

ከዚያ ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሃምሳው ሲያልቅ ደግሞ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። ለአባቴ «እኔ ግን ልጹም» አልኳቸው።

«በሃምሳ አይጾምም፣ የኔ ልጅ። የደስታ ጊዜ ነው።»

የፋሲካ ለት በሩን ዘግተን፣ ሁለታችን ለአንድ ትሪ ቀረብን። ዶሮውን የሠሩት አባቴ ራሳቸው ነበሩ፤ ሽንኩርቱ አርሯል፣ ጨውም በዝቶበታል። ከሜዳው የመንኮራኩሩ ጩኸትና የከድር ሳቅ ይሰማል። እኔ ጆሮዬን ወደዚያ ጥዬ እንጀራውን እቆራርሳለሁ። አባቴ «ምነው ልጄ፣ አልጣፈጠም?» እያሉ እንቁላሉን በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ በኩል ገፉት፤ እኔ ግን ቀና ብዬ እንኳን አላየኋቸውም።

አባቴ ካረፉ ሦስተኛ ፋሲካዬን ዘንድሮ ሲሬ ብቻዬን ዋልኩ። ዶሮ ሠርቻለሁ፣ ጨውም መጥኜያለሁ። እንቁላሉ እኔ ካስቀመጥኩበት ቦታ አልተነቃነቀም።