ሦስት ሰዓት ከአምስት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ እናቴ ላይ በስልክ መጮሄን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስግደት ሰጥተው አሰናብተውኛል። ይቺን ግን ጉሮሮዬ ድረስ አምጥቼ መልሼ እውጣታለሁ። ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናገር ለምን እንደቀለለኝ እንጃ። ምናልባት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ቦታዬ በሩ ላይ ነው፤ ከሚመጣው ሰው ውስጥ ማን አሁኑኑ እንደሚገባ፣ ማን መጠበቅ እንደሚችል የምለየው እኔ ነኝ። ቀይ ካርድ የሰጠሁት ይገባል፣ አረንጓዴ የሰጠሁት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሕመምተኛው ብዙ ነው፣ እኛ ጥቂት ነን፣ ኦክስጅኑም እንደልብ አይደለም። አያችሁ፣ ገና ምኑንም ሳልናገር ምክንያት መደርደር ጀመርኩ።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ ነው የሚነገረው፤ ከበር ስትወጡ ግን ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም አለ። እኛ ድሬዎች የምንኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ እዚህ ዘር አይጠየቅም እንላለን፣ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብለን፣ ከሁሉም ጋር በልተን አድገናል። እኔም እንደዚያ እያልኩ ኖሬያለሁ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ነርሶች ቋንቋ ሲቸግራቸው «ቆዩ፣ እኔ አናግራታለሁ» እያልኩ ስንቴ መሃል ገብቻለሁ፣ ስንቴ ተኩራርቻለሁ። የእኔ ሶማሊኛ ግን ምን ነበር? የቀፊራ ገበያ ሶማሊኛ። ስንት ነው፣ ቀንሺ፣ ተይው፣ ነይ፣ ጠብቂ። በዓል ሲደርስ ከአባቴ ጋር ፍየል ልንገዛ ስንሄድ የለቃቀምኩት ሶማሊኛ።

ያን ቀን፣ አሁን ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ አንዲት ሴት ልጇን ደግፋ ገባች። ሰዓቱን ያዙልኝ። በሩ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ እነሱ ሲገቡ ሻይ የምጠጣበት ሰዓት መድረሱን እያየሁበት ነበር።

ሴትዮዋ ፋዱሞ ትባላለች። ከጀልዴሳ ወዲያ ካለ መንደር ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ተሳፍረው ነው የመጡት። ልጅቷ ሆዳን ትባላለች፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የጠየቅኳቸው ነገር የለም። ያየሁት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ልጅ ነው። አላለቀሰችም፣ አላሳለችም። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ወደፊት ዘንበል ብላ ቆመች፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ዓይኔ አይቶታል።

እናቷ ቶሎ ቶሎ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ሁሉ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ኔፍ» ትላለች። በአንድ እጇ ልጅቷን ይዛለች፣ በሌላው ወደመጡበት ወደ ውጭ ታሳያለች። «ኔፍ፣ ኔፍ።» እኔ የማውቀው ኔፍ ደግሞ ፍየል ነው፣ በግ ነው። የከብት ገበያ ላይ ይሄ ኔፍ ስንት ነው ሲባባሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ስለዚህ እኔ ቋንቋ አዋቂዋ፣ ሴትዮዋ ውጭ ያሰረችው ፍየል አለ፣ እሱ አሳስቧት ቶሎ ጨርሱልኝ እያለች ነው ብዬ ተረጎምኩት። እንዲያውም ሳቅኩ። አጠገቤ ለነበረችው ነርስ «ከልጇ ይልቅ ፍየሏ አስጨንቃታለች» አልኳት። እሷም ሳቀች።

ከዚያ «ሱግ» አልኳት፤ ጠብቂ ማለት ነው። አረንጓዴ ካርድ ሰጠኋት። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ደረቷን አላዳመጥኩም። ካርዱ ላይ የመጡበትን ሰዓት መጻፍ ነበረብኝ፤ እሱንም በኋላ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶውን ተውኩት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰናይት የምትባል የሰፈሬ ልጅ የሦስት ዓመት ሕፃኗን ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። «ሲስተር፣ በእናትሽ፣ ልጄ ታፈነብኝ» አለች። ሕፃኑ ኮሪደሩን በለቅሶ ሞላው። አስም እንዳለበት አውቃለሁ። ቤታቸው ፓፍ የምንለው የሚነፋ መድኃኒት አለ፤ ሁለት ጊዜ ነፍታለት ነው የመጣችው። ኪሴ ውስጥ የነበረው መለኪያ ለእሱ ወጣ። ቁጥሩ ደህና ነበር። ደህና መሆኑን እያየሁ ቀይ ካርድ ሰጠሁት፤ ራሴ ይዤው ገባሁ፣ አልጋ ፈለግኩለት፣ ኦክስጅን አደረግኩለት።

አስም ያለበት ልጅ የሚያለቅስ ከሆነ አየር አለው፤ የሚፈራው ዝም ያለው ነው። ይህን ገና ስንማር ነው የነገሩን፤ ለፈተናም ጽፌ ሙሉ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ታዲያ ያን ቀን የት ሄደብኝ? ለሰናይት ልጅ የሮጠው እግሬ ለሆዳን ለምን ከበደው? እናቷ ሲስተር ብላ ስላልጠራችኝ ነው? አቧራ የጠጣ ልብስ ስለለበሱ ነው? ወይስ ትልቅ ልጅ ናት፣ ትችላለች ብዬ? ለራሴ ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ መርጬ ላምን ሞክሬያለሁ። ሁሉም ነው። ትንሹን የሰፈሬን ልጅ ሳይ የራሴ ሰው ታየኝ፤ ሆዳንን ሳይ ግን ከሩቅ መጥቶ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር የታየኝ። ለዚያ ሰው ደግሞ ቸኩዬ አላውቅም ነበር።

በአግዳሚው በኩል ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። አንድ ጊዜ ዕቃ ላመጣ፣ አንድ ጊዜ ለሰናይት ውሃ ልገዛላት። በመጀመሪያው ፋዱሞ ተነስታ ጋውኔን ያዘችኝ። «ኔፍ» አለች እንደገና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሱግ አልኩሽ እኮ!» ብዬ እጇን ከላዬ አነሳሁት። በሁለተኛው ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ጠብቂ ተብላለች፣ ትጠብቃለች።

ሃዋ የምትባል ሶማሊኛ ተናጋሪ የጽዳት ሠራተኛ አለችን። ነይ አስተርጉሚ እያልን በየቀኑ የምንጠራት እሷን ነው። ያን ሰዓት ፎቅ ላይ ወለል እያጸዳች ነበር። አንድ ጥሪ ነበር የሚበቃው። እኔ ግን ምን አስተርጓሚ ያስፈልገኛል? እኔ የድሬ ልጅ አይደለሁ?

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አግዳሚው ጋ ሰው ጮኸ። ሆዳን በጎኗ ወለሉ ላይ ተንሸራታለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ተሸክሜ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ኦክስጅኑን ከሰናይት ልጅ ወስጄ ለእሷ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ያን ጊዜ ጭምብሉ አንገቱ ላይ ወርዶ ብስኩት ይበላ ነበር። ደረቷን ሳዳምጥ ሲር የሚል ድምፅ እንኳ የለም። መድኃኒቱን ሰጠን፣ ደረቷን ተጫንኩ፣ ደጋግሜ ተጫንኩ። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ዶክተሩ እጄን ያዘና «ይብቃ» አለኝ። በሩ ላይ የቆመችው እናቷ ትታየኝ ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁን ስሕተት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ሰው ቃል ይስታል፣ ሰው ይቸኩላል። አሁን የምነግራችሁ ግን ስሕተት አይደለም። ዶክተሩ «መቼ ነው የመጣችው?» ብሎ ጠየቀ። ካርዱ እጄ ላይ ነበር፣ ሰዓቱ ባዶ ነበር። እስክሪብቶዬን አወጣሁና 3:50 ብዬ ጻፍኩ። 3:05 መባል የነበረበትን ሦስት ከሃምሳ አደረግኩት። ያንን ቁጥር ለምን መረጥኩ? ማንም ቢደርስብኝ ውይ፣ ቁጥር አቀያይሬ ነው እንድል ነዋ። የልጅቷ ገላ ገና ሳይቀዘቅዝ እኔ ይህን ያህል ማሰብ ችያለሁ። አብራኝ የሳቀችው ነርስ አጎንብሳ ጓንቷን ታወልቅ ነበር፤ እስከዛሬ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ዶክተሩ ካርዱን አየና ተነፈሰ። «አዘግይተው ነው የሚያመጧቸው» አለ። ሃዋ ተጠርታ መጣች። ልጅሽን ያጣሻት ስለዘገየሽ ነው፣ ሌላ ጊዜ ልጅ ሲታመም ቶሎ አምጪ ብለሽ ንገሪያት ተባለች። ነገረቻት። ፋዱሞ አልጮኸችም፤ ወደ እኔም አልጠቆመችም። ጥቂት ነገር ተናገረች፣ ሃዋም «ትናንት ልንመጣ ነበር፣ መኪና አጣን፣ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች» ብላ ተረጎመችልን። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ይህን ሰምቼ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ቀለለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሃዋ ኮሪደሩን እያጸዳች «ስትመጣ ምን ብላሽ ነበር?» አለችኝ።

«ስለ ፍየሏ ነገር» አልኳት።

«የምን ፍየል አቦ? ኔፍ እኮ ትንፋሽም ነው። ፍየሉን ኔፍካ ትያለሽ፣ ትንፋሹን ኔፍታ። አስሙንም ኔፍ ነው የምንለው። ልጄ ትንፋሽ አጠራት ነው ያለችሽ።»

ትንሽ አየችኝና ባልዲዋን አንስታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እጄ ዓይኔን አያምነውም። የመጣውን ልጅ ሁሉ፣ እጁን የተቆረጠውን እንኳ ሳይቀር፣ ጣቱን ሳልለካ አላሳልፍም። አለቆቼ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል፤ ለአዲሶቹ ነርሶች ከእሷ ተማሩ ይሏቸዋል። ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ ሁለት ጊዜ እለካዋለሁ። አንድ ቀን የድሮ ካርዶች ሳገላብጥ አረንጓዴ የሰጠኋቸውን ልጆች ስምና ዕድሜ አነበብኩ፤ አብዛኛው እንደ ሆዳን ያለ የሶማሌ ስም ነው፣ ትልልቆቹም ይበዛሉ። ካርዶቹን መልሼ ቆለፍኩባቸው።

ባለፈው ወር፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፋዱሞ መጣች። ጀርባዋ ላይ ጨቅላ ልጅ አዝላለች፣ ከሆዳን በኋላ የወለደቻት ሴት ልጅ ናት። አወቀችኝ። ያቺ ልጄን ተሸክማ የሮጠችው ብላ ነው የምታውቀኝ፤ እጄን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ከየት እንደተማረችው በማላውቀው አማርኛ «ዛሬ ቶሎ መጣሁ ሲስተር። ዛሬ ቶሎ» አለችኝ።

የልጅቷን ጣት ለካሁ። ደህና ናት። ደረቷን አዳመጥኩ፣ ደህና ናት። አፍንጫዋ ትንሽ ፈሷል እንጂ ምንም የላት። ሃዋ እንደነገረችኝ ልጅቷ ባነጠሰች ቁጥር ሌሊት ተነስታ መንገድ ዳር መኪና ትጠብቃለች፤ የመንደሯን ሴቶችም እንደኔ እንዳትዘገዩ እያለች ትመክራለች። ይህችን ሴት እንዲህ ያደረጋት የእኔ እስክሪብቶ ነው። እውነቱን ሳልነግራት የልጅቷን የክትባት ቀን ብቻ ጽፌላት ሸኘኋት።

ሰኞ ለልጅቷ ክትባት ትመጣለች። አልዘገየሽም በሶማሊኛ እንዴት እንደሚባል ሃዋን ጠየቅኳት። «ማድ ዳሂን» አለችኝ፤ ለማን እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም። አውቶቡስ ላይ፣ አልጋዬ ላይ፣ እጄን ስታጠብ እደጋግመዋለሁ። ከእሱ በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬን፣ የነርስነት ፈቃዴን፣ ሰፈር የማቀናው አንገቴን አጣለሁ። እፈራለሁ። እንድትምሩኝ አልለምናችሁም፤ ምሕረቱ የእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ የምትምረው በደል እንዳለ እንኳ አታውቅም።

ሰኞ ዕለት አፌ ቢተሳሰር ግን፣ ተሳስሮም ያውቃልና፣ ሌላ ሰው እንዲያውቀው እዚህ ጽፌዋለሁ። የሆዳን እናት አልዘገየችም። ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ በሩ ላይ ነበረች።