መነኩሴው የወለዷቸው ልጆች

ክርስትና ስሜን አላውቀውም ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ይህን አደባባይ አያወጣም፤ እኔ ግን ለሳቅ ያልሰጠሁት ገመና ስለሌለኝ እናገረዋለሁ። ሕፃን ሳለሁ እናቴ ስታስቆርበኝ ስሜን ለዲያቆኑ በጆሮው ሹክ ትለው ነበር አሉ። ለእኔ ግን ነፈገችኝ። «ክርስትና ስሙ የታወቀ ሰው በደብተራ እጅ ነው፤ አንተ ደግሞ ወሬ አይቋጠርብህም» ትለኝ ነበር። ወሬ መቋጠር ሳልለምድ እሷ ዐረፈች።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ባለቤቴ ናት። ከጎረቤት ቀብር ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣ «ለመሆኑ ቄሱ አንተን ማን ብለው ሊፈቱህ ነው?» አለችኝ።

«ጡረተኛው ይበሉኛ።»

«ሰማይ ቤት ጡረተኛ መች ጠፋ? በአንተ ፍትሐት ሌላው ይገባበታል።»

ሳቅሁ። ሳቁ ግን እቤት ድረስ አላደረሰኝም።

በዚያው ሰሞን ጣና ሐይቅ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የድሮ የክርስትና መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንደሚገለብጡ ሰማሁ። መዝገቡ ፎቶ ተነሥቷል፤ ፎቶውን እያነበቡ ስሙን በየቦታው መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ዘሩን የሚቆጥር ሁሉ በኢንተርኔት ያገኘዋል። ከፎቶዎቹ መካከል ሐሙሲት አጠገብ የተወለድሁበት አጥቢያ እንዳለበት ስሰማ በአንድ ጊዜ ለትውልድ አሳቢ ሆንሁ።

የምታስተባብረው የኮሌጅ መምህርት ናት። «አባባ፣ የድሮ ጽሕፈት ያነባሉ?» አለችኝ።

«ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት!»

ዳዊት መድገሜ እውነት ነው። ዓይኔ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ደከመ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋት።

በሁለት ጣቴ እየለቀምሁ እጽፍ ጀመር። መዝገቡን የጻፉት ቄስ የሕፃኑን ክርስትና ስም በትልቁ ያስቀምጣሉ፤ ከጎኑ «አባት» ይሉና ሌላ ስም፤ ከሥሩ ጉንዳን የሄደበት የመሰለ ደቃቅ መስመር። ቄስ የጻፈው ያለ ምርቃት አያልቅም ብዬ ደቃቁን ዘለልሁት። የዓለም ስም የሚባል አንድም የለበትም፤ ሁሉም ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ነው። ታዲያ ከእነዚህ አንዱ እኔ ብሆንስ? እያንዳንዱን ስም እንደ ልባሽ ኮት ትከሻዬ ላይ እለካው ነበር። አንዱ ይጠበኛል፤ አንዱ ደግሞ ቅድስናው በዝቶ እጅጌው መሬት ይጎትታል።

አንድ ቅዳሜ መምህርቷ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «አባባ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» ብላ አንድ ስም አሳየችኝ።

አወቅኋቸው፤ አገሩ ሁሉ በክርስትና ስማቸው ነበር የሚጠራቸው። ሚስት ሳያገቡ ኖረው በስተኋላ መንኩሰው ጣና ደሴት የገቡ የአገራችን ሰው ናቸው።

«ጻድቅ ነበሩ» አልኋት።

«ይሁኑ። በእርስዎ ጽሕፈት ግን የአጥቢያውን ግማሽ ልጅ የወለዱት እሳቸው ናቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶውን አጎላችልኝ። «አባት» ከሚለው ፊት የቀለም ጠብታ የመሰለችኝ ነገር ለካ «ክ» ኖራለች፤ ክርስትና አባት! ደጉ ሰው የድሃውን ልጅ ክርስትና ሲያነሡ ኖሩ፤ እኔ ደግሞ ከሞቱ በኋላ የልጅ መዓት አሸከምኋቸው።

«ወላጆቹስ ታዲያ የት ሄደው ነው?» አልሁ፣ ጥፋቱን ወደ ቄሱ ለማዞር እየሞከርሁ።

«እነሆ» አለች፣ ደቃቁን መስመር በጣቷ እየነካች።

ምርቃቴ!

መነኩሴውን ነጻ ሳላወጣ ላልሞት ምዬ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። አሁን ወላጆቹን እያጎላሁ አነባለሁ። እነሱም የተጻፉት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ምን ቸገረኝ፣ የእናትና የአባቴን ከተዝካራቸው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቀትር ሲቃረብ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሕፃኑ ወንድ ነው። እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ ወንድ አልወለደችም።

በላዩ የተጻፈውን አነበብሁ። በእነዚሁ ሁለት ጣቶቼ ጽፌው አልፌ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ እንኳ መለካቴን እንጃ። ለዚያውም የመነኩሴ ልጅ አድርጌ!

አርሜ ላስገባው ስል ጣቴ ቆመ። «ይሄን ማን ማን ያየዋል?» አልኋት መምህርቷን።

«የፈለገ ሁሉ፤ ዓለም በሙሉ።»

እናቴ ከአንድ ደብተራ የሸሸገችውን እኔ ለዓለም ደብተራ ሁሉ ልዘረግፈው? እንደገና አየሁት። የዓለም ስሜ የለበትም። ሕፃኑ እኔ መሆኔን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አባቴን በቦታው መለስሁና አስገባሁት፤ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ወጣሁ። ወሬ ስቋጥር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እቤት ስደርስ ለባለቤቴ ብቻ በጆሮዋ ሹክ አልኋት። ከራስ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ይሄማ የጨዋ ሰው ስም ነው» አለች። «አንተ ላይ ማን ጣለው?»

ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ያንን ስም በድፍን ሰፈር አስተጋባችው።

«ኧረ ሴትዮ፣ ቀስ በይ! ሰው ይሰማሻል!»

«ይስማ! በኋላ ለቄሱ ስነግር እንዳይጠፋኝ እየለመድሁት ነው» ብላ ደገመችው።

«አቤት» አልሁ።