አረንጓዴው ያለቀበት ጥለት

የፍሎማስተር ሽታ እንደ አረቄ አፍንጫ ውስጥ ይሰነፍጣል። ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ አንድ ሳጥን ሙሉ ፍሎማስተርና ባለካሬ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ "አክስቴ፣ የእማዬን ነጠላ ጥለት ቅቢልኝ፤ ሸማኔው ወረቀት ላይ ካላየሁ አልሠራም ብሎኛል" አለችኝ። ለሰርጓ ልብስ ፈልጋው ነው። ነጠላው ራሱ በእጥበት ብዛት ነትቦ ቀለሙ ደብዝዟል፤ በቃሌ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እንዴትስ አላውቀው! ያኔ ፍሎማስተር ለሀብታም ልጆች ነበር። እኔ የነበረኝ አንድ ፓኮ ባለቀለም እርሳስ ነው፤ እሱንም የገዛችልኝ እታለም ናት። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ፊቴን የምታጥበኝ፣ አባታችን ሲቆጣ ከኋላዋ የምትሸሽገኝ እሷ ነበረች። እናታችን ፋብሪካ ስለምትውል፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

እና ልታገባ ሆነ። ሰውየው ከሐይቁ ማዶ ደልጊ መምህር ነበር፤ ከመልሱ በኋላ በጀልባ ጣናን ተሻግራ መሄዷ ነው። ለመልሱ የምትለብሰውን ነጠላ ጥለት ራሷ ባለካሬ ወረቀት ላይ ነደፈችው፤ መስቀል ከመስቀል የተያያዘበት ነው። "አንቺ ቅቢልኝ" አለችኝ። "ሸማኔው ካሬውን እየቆጠረ፣ ቀለሙን እያየ ነው የሚሠራው።"

ልጅ ምን ያስባል መሰለህ? ወረቀቱ ካላለቀ ነጠላው አይሠራም፣ ነጠላው ካልተሠራ ሰርግ የለም፣ ሰርግ ከሌለ እታለም የትም አትሄድም። እሰይ! አልሁና መንቀርፈፍ ያዝሁ። በረንዳው ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሴ እያራስሁ፣ አንዷን ካሬ ስቀባ ስደግም እውላለሁ። እርሳሱን ስቀርጽ የሚረግፈውን የሐይቁ ነፋስ ይበትንብኛል፤ የእንጨቱ ሽታ ግን ጣቴ ላይ ይቀራል። ከሰዓት ፀሐዩ ውሃው ላይ አርፎ ዓይኔን ሲያጭበረብረኝ፣ "በቃ፣ የዛሬውን ጨርሻለሁ" እላለሁ። እታለም የተቀባውን ካሬ በጣቷ ቆጥራ ወረቀቱን ታነሣልኛለች።

እንዲህ ስጫን ስደርብ አረንጓዴው አለቀብኝ። ድሮም ለትምህርት ቤት ሥዕል የሐይቁን ደንገል ሁሉ ስቀባበት አጥሮ ነበር። ጉማጁን እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ሰክቼ ትንሽ ሄድሁበት፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ጥለቱ ገና እኩሌታው ላይ ነው። ደስታዬን ደብቄ ሮጥሁ።

"እታለም፣ አረንጓዴው አልቋል!"

ያሰብሁት ገብቷት ኖሯል። በርከክ ብላ አገጬን ያዘችና፣ "ካለቀ ባለሽ ቀጥይ፣ ሆዴ" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አልቅሼ ሲወጣልኝ የቀረውን በብርቱካን ቀለም ጨረስሁት።

ሸማኔው ምን ያድርግ? እንዳየው ሠራው። ነጠላው ሲመጣ ጥለቱ እኩሌታው አረንጓዴ፣ እኩሌታው ብርቱካን! አክስታችን ስትዘረጋው ጮኸች። "ወይ ጉዴ! ሙሽራ ይሄን ለብሳ ሰው ፊት ልትቀርብ? ሸማኔው ዓይን የለውም? ይፈታና እንደገና ይሠራ!" እኔ በሩ ጥግ ሆኜ መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። እታለም ግን ነጠላውን ከእጇ ወስዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ "ኧረ ማንም እንዳይነካብኝ! ይሄን የቀባችልኝ እህቴ ናት" አለች። መልሱን በሱ ዋለች። አክስታችን እስኪመሽ አኩርፋ ነበር።

የሄደች ጠዋት ወደቡ ላይ ከሰው እግር መሀል ቆሜ ነበር። ጀልባው ጥሩምባውን ነፍቶ ሲርቅ ነጭ የለበሰው ሁሉ አንድ ሆነብኝ፤ እታለም የቷ እንደሆነች ጠፋችኝ። በእግሬ ጣት ቆሜ ተንጠራራሁ። ያኔ አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ከራሷ በላይ አውለበለበች፤ ብርቱካኑ ታየኝ። ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ አላወረደችውም።

እታለም ካረፈች ዓመታት አለፉ። ዛሬም ጀልባ ሲነሳ ዓይኔ ብርቱካን ይፈልጋል፤ ምን ላድርገው።

ጠዋት አረንጓዴውን እኩሌታው ድረስ አደረስሁትና መነጽሬን ልጠርግ አረፍ አልሁ። መለስ ስል ፍሎማስተሩ የለም። ሳጥኑን ፈለግሁ፣ ከወረቀቱ ሥር ፈለግሁ። የእህቴ ልጅ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ቆማለች።

"አረንጓዴው አልቋል፣ አክስቴ" አለችኝ፤ አሳሳቋ ቁርጥ እናቷን። ታሪኩን እናቷ ነግራት ኖሯል። "ባለሽ ቀጥይ።"

ከሰርጓ በኋላ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ልትሄድ ነው። ብርቱካኑን ከፈትሁና አንዷን ካሬ ቀባኋት። ደገምኋት።