ጉልበት ሲሳም በዝግታ

ፒያሳ ካለው ፎቶ ቤት ውስጥ አምስት ነበርን። ቪዲዮ አቀናባሪው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። እኔ ከጎኑ በተሰጠኝ ወንበር ላይ ነኝ፤ ልጄ ከኋላዬ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆሟል። ሚስቱ በሩ አጠገብ ነበረች። ከድብ ባሕር የመጡት እናቷ ወንበር ቢቀርብላቸውም፣ "ቆሜ ነው ሸጋ አድርጌ የማየው" ብለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። በልጄ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮቹ ጉልበቴን የሚስሙበት ቦታ ሳይጠገብ ያልፋል። ጎንበስ፣ ቀና፣ ከዚያ ጭፈራ። ዘለግ እንዲልልኝ ጠየቅሁ።

"በተራ ካሜራ የተቀረጸ ነው፣ እማማ" አለ አቀናባሪው። "ዝም ብዬ ባዘገየው ይቆራረጣል። ሶፍትዌሩ ግን በአንዱና በሌላው ምስል መካከል የጎደለውን ራሱ እየሠራ ይሞላዋል።"

"ያልተነሣውን?" አሉ የምራቴ እናት።

"አዎ፣ ያልተነሣውን።"

"እንግዲያ የኔንም ጥርስ ይሙላልኛ!"

ሁላችንም ሳቅን።

መጀመሪያ ልጄ ጎነበሰ። እውነትም ምስሉ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ቀኝ ጉልበቴን ሳመ፤ ግራውን ሳመ። ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ አነሣሁት።

"እሰይ!" አሉ እናቷ።

ቀጥላ እሷ መጣች። ከንፈሯ ቀይ ተቀብቷል። ግራ እጄ የነጭ ቀሚሴን ጥልፍ ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ጉልበቴ ወደ ኋላ ሸሸ። ቀኝ እጄ ግንባሯ ላይ አረፈና ገታት። ከንፈሯ ምንም ሳይነካ ተመለሰ። ዓይኔ ጥልፉ ላይ ነው፤ እሷን አያይም። በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ደግፌ የማነሣት ይመስል ነበር።

ልጄ የወንበሩን መደገፊያ ለቀቀው።

ከሠርጉ በፊት ድብ ባሕር፣ እናቷ ቤት ሄጄ "እንደ ልጄ ነው የማያት" ብዬ ነበር። እሳቸውም አምነው ሰጡኝ።

"ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አሉ እናቷ። "ማሽኑ ነዋ! ያልነበረውን ይሠራል አላለም? ጉልበቷን የምትከለክል አማት የት አለች?" ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ቀጠነ። "አይደለም፣ እህት ዓለም?"

አቀናባሪው ዓይኑን ወደ ኪቦርዱ መለሰ። የከንፈሯ ቀለም ቀሚሴን እንዳይነካው መሸሼን አልረሳሁትም። ምራቴ ከበሩ አጠገብ ሆና መልሴን ትጠብቃለች። ወደ እሷ ዞሬ "እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ" ማለት ነበረብኝ።

"ማሽኑ ይሆናል" አልኩ።

"አላልኳችሁም!" አሉ እናቷ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ዓይናቸውን ግን ከስክሪኑ ላይ አልነቀሉም።

ቦርሳዬን አንሥቼ ተነሣሁ። ምራቴ በሩን ከፈተችልኝ፤ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ አሳለፈችኝ። ወጣሁ።