የምሥራቁ ጎረቤት አቶ ውሻለ

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ማንበብ የተማሩት በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት "ድንች ለመትከል ፊደል ምን ያደርጋል?" ብለው የቀሩ ብዙ ናቸው። እሳቸው ግን በሳምንት ሦስት ቀን ከጮቄ ግርጌ ካለው ማሳቸው በቀጥታ፣ የእግራቸውን ጭቃ እንኳ ሳያራግፉ፣ ሄደው ከፊተኛው ወንበር ይቀመጡ ነበር። በዓመቱ ያገኙትን ሁሉ የሚያነቡ ሆኑ። የማዳበሪያ ጆንያ ያነባሉ። የሚኒባስ መስታወት ላይ የተለጠፈ ጥቅስ ያነባሉ። አንድ ጊዜማ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ድንኳኑ ላይ የተጻፈውን የእድር ስም ጮክ ብለው አንብበው ሰው ዞሮ አይቷቸዋል።

የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ግን ከሣጥን አውጥተው ያነበቡት ባለፈው መስከረም ነው። ልጃቸው እድላዊት ልትዳር ስለሆነ ከማሳቸው ግማሹን በስጦታ ሊያዛውሩላት አሰቡ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ።

"በሰሜን፣ ወንዝ። በደቡብ፣ መንገድ። በምዕራብ፣ አቶ እንዳላማው። በምሥራቅ፣ አቶ... ው... ሻ... ለ።"

ቀና አሉ። "እድላዊት! ውሻለ ማን ነው?"

"እኔ አላውቅም፣ እማዬ።"

"እኔስ ብትይ! ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር!"

በምሥራቅ በኩል ያሉት ጎረቤታቸው ዲማ ቅኔ ተምረው የመጡት አዛውንቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ውሻለ የሚባል ሰው አገሩ ላይ የለም።

በማግስቱ ወረዳ ወረዱ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ የኔአለም የምትባል ለስላሳ ወጣት ናት። ደብተሩን አገላብጣ፣ "ስጦታው ችግር የለበትም፣ እማማ። ሁለቱ አዋሳኞችዎ መጥተው ይፈርሙ፤ አቶ እንዳላማውና አቶ ውሻለ" አለቻቸው።

"ውሻለ የሚባል ሰው የለም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው አለመኖሩን ከቀበሌ አጽፈው ያምጡ።"

ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸና "እውነትዎን ነው፣ እትዬ፤ የለም" አለ።

"ተመስገን! በል እሱኑ ጻፍልኝ።"

"እንዴት ብዬ? ላልተመዘገበ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም። መጀመሪያ ይምጣና መታወቂያ ያውጣ፤ ከዚያ የለም ብለን እንጽፋለን።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ መሪጌታ ግቢ ደረሱ። መቻል የሚባለው የመሪጌታ ውሻ ገመዱን እስኪበጥስ ጮኸባቸው። መሪጌታ መነጽራቸውን ሰክተው ደብተሩን አዩ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ምን ሆኑ፣ የኔታ?"

"ማንጠግቦሽ፣ ሰሙን ትተሽ ወርቁን እዪው። ይህ ስም አይደለም። ውሻ... አለ! ያ መሬት ለኪ የመጣ ለታ የመቻል አያት ዛፍ ላይ ሰቅላው ውላለች። እዚያው ሆኖ ጽፎት ነው! ውሻ አለ ያለውን ጸሐፊው ሰው አደረገው!"

ሳቃቸው ሳያልቅ የራሳቸውን ደብተር ሊያዩ ገቡ። ሲወጡ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ደርሷል። "በምዕራብ" ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተቀብለው አነበቡት፤ "በምዕራብ፣ ወይዘሮ የለችም።"

"የዚያን ቀን ሮብ ገበያ ሄደሻል" አሉ መሪጌታ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ።

በሦስተኛው ቀን አብረው ወረዳ ሄዱ። መሪጌታ መቻልን በገመድ ይዘዋል።

"ውሻ አይገባም" አለ ዘበኛው።

"ውሻ አይደለም፣ አዋሳኝ ነው። ጥሪ ደርሶት ነው የመጣው።"

የኔአለም ሁለቱን ደብተሮች ተቀብላ ገባች። ጥቂት ቆይታ ከመሪጌታው ደብተር ላይ እያነበበች ብቅ አለች። "ወይዘሮ የለችም!"

"አለሁ!" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብድግ ብለው።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በሳቅ ፈረሰ። የኔአለም ምን እንዳነበበች ያኔ ገባትና ፊቷን በደብተሩ ሸፈነች። ጫጫታውን የሰማው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። እሱ ብቻ አልሳቀም።

"በደብተር የተጻፈ በሳቅ አይሰረዝም። ቃለ ጉባኤ ይያዝ። አቶ ውሻለ የት አሉ?"

"አያቱ አርፋለች" አሉ መሪጌታ ወደ መቻል እያመለከቱ። "ሕጋዊ ወራሿ ይኸው።"

ኃላፊው ውሻውን አየ። መሪጌታን አየ። ከዚያ የኔአለምን ቃል በቃል አስጻፋት፤ "የአቶ ውሻለ ወራሽ በአካል የቀረቡ ሲሆን፣ ለቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ሳይሰጡ ከወንበር ሥር ተኝተዋል። ስለሆነም በምሥራቅ፣ ቀድሞ ውሻለ ይባሉ የነበሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተብሎ ይስተካከል።"

"እኔ መቼ ተባልኩ?" አሉ መሪጌታ።

"ደብተሩ ብሎዎታል፣ አባቴ። ፋይሉ እንዲዘጋ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ብዕሩን ተቀብለው ለመፈረም ሲያጎነብሱ ሳቃቸው እንደገና አመለጣቸው፤ ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ማኅተሙ ድረስ ሄደ። ይኼን ጊዜ ኃላፊውም አልቻለም። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ግን ለሁሉም ይታይ ነበር። በዚያው ቀን የወይዘሮ ማንጠግቦሽም ስም በመሪጌታ ደብተር ላይ ተስተካከለ። አቶ እንዳላማውም ከሰዓት በኋላ መጥተው ፈረሙ።

እድላዊት የራሷን ደብተር በኅዳር ተቀበለች፤ ሰርጓም በጥር ሆነ። የኔአለም ተጠርታ መጥታ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ ከሙሽራዋ ሚዜዎች ጋር ስትጨፍር ዋለች።