መጣሁ፣ በሩን ይክፈቱልኝ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ ስለ ምላሱ ግን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ስልክ ሲደወልለት የትም ይሁን የት «መጣሁ» ይላል። አልጋ ውስጥ ሆኖ «መጣሁ»፣ ፀጉሩን እየተቆረጠ «መጣሁ»። ደንበኛው ከተቆጣ ደግሞ «ደረስኩ፣ በሩን ክፈቱልኝ» ይጨምርበታል። በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ሌላ ሠራተኛ አይጠራም ባይ ነው። ሰፈሩ «መጣሁ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ሲጠሩት ይስቃል።

ያን ቀን ምሳ ላይ ሆነን ስልኩ ጮኸ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የመታጠቢያ ቤታቸው ቧንቧ እያፈሰሰ ነው፤ ጠዋት እመጣለሁ ብሏቸው ቀርቷል።

«እማማ፣ መጣሁ» አለ ጉንጩን ሞልቶ። «ደረጃው ላይ ነኝ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

«የቱ ደረጃ ነው ደግሞ?» አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

«አንቺ ደግሞ፣ ትንሽ ጋደም ልበል እንጂ» ብሎኝ ለጥ አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀስቅሼ አስነሳሁት። ገበያ መሄዴ ስለነበር አብሬው ወጣሁ።

ሕንፃው ጋ ስንደርስ ውሃ በደረጃው ይወርዳል። ሰው ወለል ያጠበ መስሎኝ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወጣሁ። የአሮጊቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባሌ ቢጣራ መልስ የለም። ብንገባ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ወንበር ተገልብጧል፤ እሳቸው ውሃው ላይ ተጋድመዋል፣ ዓይናቸው ፈጦ። ክው አልኩ። የሞቱ መሰለኝ።

ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ባሌ ውሃውን ዘጋ፣ እኔ አምቡላንስ ጠራሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ዳሌያቸውን እንድነካቸው አልፈለጉም። ይህን ስናደርግ ልጃቸው እየሮጠች ገባች። እሷም ስትደውልላቸው አላነሳ ብለዋት ኖሯል።

«እማዬ፣ ማን አብሮሽ ነበር?»

አሮጊቷ በአገጫቸው ባሌን አመለከቱ። «እሱ ነበር። በሩን ከፈትኩለትና ሥራው እንዲፈጥንለት ከላይ ያለውን የውሃ መዝጊያ ልዘጋ ወንበር ላይ ወጣሁ። ከኋላዬ የገባ መስሎኝ፣ ልጄ ወንበሩን ያዝልኝ አልኩት።»

ልጅቷ ወደ ባሌ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እያየሃት ወድቃ፣ ጥለሃት ሄድክ?»

እኔ ደነገጥኩ። አዎ ቢል ጨካኝ ነው፣ አይደለም ቢል ውሸታም። ባሌ እንደ ልማዱ አንድ ነገር ይፈጥራል ብዬ ጠበቅኩ።

«አልነበርኩም» አለ። «ስልክ ስናወራ ቤቴ ምሳ እየበላሁ ነበር።»

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩት።

«ታዲያ» አሉ፣ «ማንን ነው ያዝልኝ ያልኩት?»